ዘይት የሚያንጠባጥብ ፔጆ 404፦ መጥረግ፣ ማሸግ ወይስ ሞተር ማውረድ?

የአባቴን 404 ከቀለም ቤት ያወጣኋት ቀን እናቴ በር ላይ ቆማ እልል አለች። በማግስቱ ጠዋት የቀሰቀሰኝም የእሷው ድምፅ ነው። አሁን ግን እልልታ አልነበረም። «አንተ ልጅ፣ ና እስቲ ይሄን ጉድህን እይ!» ወጥቼ ሳይ፣ አዲስ በተለሰነው ሲሚንቶ ላይ የድስት ክዳን የሚያክል ጥቁር ክብ ተኝቷል።

ሁለት ዓመት የለፋሁባት መኪና ናት። ቀለሙ፣ ወንበሩ፣ ክሮሙ፣ የበሩ ጎማ ሳይቀር ተሠርቷል። ሞተሩ ግን «ይሠራል አይደል? አትንካው» ተብሎ ታልፏል። ያለፍነው ነገር ነው እንግዲህ ሲሚንቶው ላይ የወጣው።

ከዚያ ወዲህ ድሬዳዋና ሐረር ውስጥ የማውቀውን መካኒክ ሁሉ ጠይቄያለሁ። ምክሩ እንደ ችግሩ ሳይሆን እንደ መካኒኩ ይለያያል። አንዱ «ዘይቱን አወፍረው» ይላል። ሌላው «የጠርሙስ መድኃኒት አለ፣ ጨምርበትና ተገላገል»። ሦስተኛው ኮፈኑ ላይ እጁን አሳርፎ «ይሄ ሞተር መውረድ አለበት» ብሎ ይፈርዳል። አንድ ሽማግሌ የታክሲ ሹፌር ደግሞ ፈረስ መጋላ ላይ ሻዩን እየጠጣ «አቦ ተወው! ካላንጠባጠበች ነው መፍራት። ያኔ ዘይቱ አልቋል ማለት ነው» አለኝ። ይህቺን ቀልድ የድሮ አውሮፕላን አብራሪዎችም ይቀልዷታል። ሲሊንደሮቹ እንደ ኮከብ ዙሪያውን የተደረደሩበት የድሮ ሞተር ሁሌም ከሥሩ ይንጠባጠባል። ቀልዱ ግማሽ እውነት አለው። የ60 ዓመት ሞተር እንደ አዲስ መኪና ደረቅ እንዲሆን መጠበቅ የዋህነት ነው። ግን «ተወው» ማለትና የሚፈሰውን አውቆ መተው ለየቅል ናቸው።

የሞከርኳቸውንና ሌሎች ሲሞክሯቸው ያየኋቸውን መንገዶች አንድ በአንድ ላወዳድራቸው። ምሳሌዬ 404 ነው። ሐረር ውስጥ ታክሲ ሆኖ፣ ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ ስንቱን ትውልድ አመላለሰ! አብዛኛው ነገር ግን ለ504ም፣ ለፊያትም፣ ለቮልስዋገንም ይሠራል።

ምርጫው ከመምጣቱ በፊት

404 እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ የተሠራች መኪና ናት። ሞተሯ 1618 ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደር ነው። ጠንካራ ነው። የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1963፣ ከዚያም በ1966፣ በ1967 እና በ1968 በተከታታይ ያሸነፈች መኪና ናት። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው አንድ ነገር ግን ሌላ ነው። ሞተሩ ቀጥ ብሎ አልቆመም። 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ አጋድሏል። ስለዚህ ከላይ የሚያፈሰው ዘይት ባፈሰሰበት በኩል አይንጠባጠብም። ተንሸራቶ፣ ዝቅ ባለው ጎን ተጠራቅሞ፣ ከታች ይወርዳል። መኪናው ሥር የተኛ መካኒክ እርጥቡን ኮፓ (ዘይቱ የሚጠራቀምበትን ታችኛውን ገንዳ) አይቶ «ከኮፓው ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ ከኮፓው አይደለም።

ስለዚህ ማንንም ከመስማታችሁ በፊት ሦስት ነገር እወቁ፦ ስንት እንደሚፈስ፣ ከየት እንደሚፈስ፣ የት ላይ እንደሚያርፍ።

ስንት እንደሚፈስ ለማወቅ ማታ ከሞተሩ ሥር ካርቶን አንጥፉ፤ ጠዋት እዩት። ከዚያ ትንሽ ሒሳብ አለ። 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ያህል ነው ብንል፣ በደቂቃ አንድ ጠብታ የምትጥል መኪና በ24 ሰዓት 72 ሚሊ ሊትር ትጥላለች። በሁለት ሳምንት አንድ ሊትር ሄደ ማለት ነው። ኮፓው ውስጥ ያለው ጠቅላላ ዘይት ከአራት ሊትር ብዙም አይበልጥም። በሌሊት አምስት ጠብታ የምትጥል ግን ዓመቱን ሙሉ ብትጥል 100 ሚሊ ሊትር እንኳን አትሞላም። ሁለቱም ካርቶን ያቆሽሻሉ። ችግራቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ካርቶኑ ብቻውን አይበቃም፤ መለኪያ ዘንጉንም ተመልከቱ። 500 ኪሎ ሜትር ከመንዳታችሁ በፊትና በኋላ፣ ያው ቦታ ላይ፣ ደልዳላ መሬት ላይ ለኩ። ሐረር ውስጥ ደልዳላ መሬት መፈለግ ራሱ ሥራ ነው፤ እኔ ሁሌ የምለካው ድሬ ስወርድ ነው። ዘይቱ ከቀነሰና ካርቶኑ ንጹሕ ከሆነ ብዙውን ጊዜ አልፈሰሰም፤ ተቃጥሏል። ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ታያላችሁ። ያ የማሸጊያ ሳይሆን የፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) እና የቫልቭ ጉዳይ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር አይመለከታችሁም።

ከየት እንደሚፈስ ለማወቅ ሞተሩን በደንብ አጥባችሁ አድርቁት። ከዚያ የምትጠረጥሩት ቦታ ላይ የሕፃን ፓውደር ነስንሱ። አሥር ደቂቃ ሞተሩን አስነሱና በባትሪ ብርሃን እዩ። ዘይቱ በነጩ ዱቄት ላይ መንገዱን ራሱ ይሥላል። መኪናው ሲሄድ ንፋሱ ዘይቱን ወደ ኋላ እንደሚገፋውም አትርሱ። ስለዚህ በጣም እርጥብ የሆነውን ቦታ ትታችሁ፣ እርጥብ ከሆነው ሁሉ ከፍ ያለውንና ወደ ፊት ያለውን ፈልጉ። እኔ ይሄን ከማድረጌ በፊት የኮፓውን ማሸጊያ ሁለት ጊዜ አስቀይሬያለሁ። ሁለቱንም ጊዜ በከንቱ። የሚያፈሰው ከላይ፣ ከቴስታታው (ከሞተሩ አናት) ክዳን ነበር።

የት ላይ እንደሚያርፍ ደግሞ አደጋው ነው። መሬት ላይ ያረፈ ዘይት እናትን ያስቆጣል። የጭስ ማውጫው ላይ ያረፈ ይጨሳል፤ ይባስ ብሎም ሊያቀጣጥል ይችላል። ቱቦና የሞተር መቀመጫ ጎማ ላይ ያረፈ ጎማውን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል። ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውና የሚለየው ክፍል) ላይ ያረፈውን ከድሬ ወደ ሐረር በሚያወጣው ደንገጎ ዳገት ላይ ታገኙታላችሁ፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም።

መቀበል፦ ትሪና ሰጋቱራ

ይሄ ርካሹ መንገድ ነው፤ ሰው እንደሚንቀውም መጥፎ አይደለም። ባለ 20 ሊትር የምግብ ዘይት ጀሪካን በቁመቱ ሰንጥቃችሁ ታጋድሙታላችሁ። ውስጡ ካርቶን ወይም ከአናጢ ቤት የሚገኝ ሰጋቱራ ታደርጋላችሁ። ሰጋቱራው ዘይቱን ይመጥጣል፤ ሲጠግብ ትቀይሩታላችሁ። አሸዋም ይሠራል፤ ግን ይከብዳል፤ በእግርም ተጎትቶ ቤት ይገባል። አመድም ሞክሬያለሁ። በመምጠጥ በኩል የሚታማ አይደለም። ንፋስ ሲመጣ ግን የእናቴ የተሰጣ ልብስ ላይ ሄደ። ከዚያ በኋላ ስለ አመድ በቤታችን አይወራም።

ዘይት የጠጣ ሰጋቱራ በቀላሉ ይነዳል። ከምድጃና ከሲጋራ አርቁት።

የዚህ መንገድ ትክክለኛ ቦታ፦ ዘይቱ በሌሊት ጥቂት ጠብታ ብቻ ሲሆን፣ የሚያርፈውም መሬት ላይ ብቻ ሲሆን። መኪናዋን በየቀኑ የሚነዳ ሰው መለኪያውን በየቀኑ ማየት አለበት። ይሄን የማያደርግ ሰው ትሪውን ባይጀምረው ይሻላል። ትሪ የሚያዘናጋ ነገር ነው።

ወፍራም ዘይት

«አወፍረው» የሚለው ምክር የሁሉም ጋራዥ ምክር ነው። በ15W-40 ፋንታ 20W-50። መጀመሪያ ቁጥሩን እንረዳው። ከW ጋር ያለው የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ያለውን ባሕርይ ነው የሚነግረን። የኋላው ቁጥር ደግሞ ዘይቱ 100 ዲግሪ ሲሞቅ ምን ያህል ውፍረት እንደሚቀረው ያሳያል። ድሬዳዋ ላይ በግንቦት ሞተሩ ገና ሳይነሳ ሞቆ ስለሚጠብቃችሁ የፊተኛው ቁጥር ብዙ አያስጨንቅም። ስለዚህ ለእኛ አገር ቆላ 20W-50 ለድሮ ሞተር ጥሩ ምርጫ ነው። እኔም እሱን ነው የምጠቀመው።

ለማፍሰስ ግን መድኃኒት አይደለም። ስቀይር ያየሁትን ልንገራችሁ። ግቢ ውስጥ ቆማ ስታድር ጠብታው በግልጽ ቀነሰ። ከድሬ ተነስቼ ደንገጎን ወጥቼ፣ አወዳይን አልፌ ሐረር ስደርስ ግን ያው ነው። ምክንያቱም ሲሞቅ 50ውም 40ውም ሁለቱም ይቀጥናሉ፤ ከቀዝቃዛው ጋር ሲተያይ ልዩነታቸው ትንሽ ነው። ከ1,200 ሜትር ተነስቶ 2,000 ሜትርን አልፎ የሚወጣ ሞተር ደግሞ መሞቁ አይቀርም።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አታድርጉ። የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት፣ ያ «90 ቁጥር» የሚባለውን፣ ሞተር ውስጥ የሚቀላቅሉ ሰዎች አሉ። 90 ከ50 ይበልጣል፣ ስለዚህ ይወፍራል ብለው ነው። ቁጥሩ ይሸውዳል። የካምቢዮና የሞተር ዘይት መለኪያቸው የተለያየ ነው፤ የካምቢዮ 90 ውፍረቱ ከሞተር 40 ወይም 50 ጋር የሚቀራረብ ነው። ማለትም የምታገኙት ውፍረት የለም። የምታጡት ግን አለ፤ የካምቢዮ ዘይት የሞተርን ጥላሸት የሚያጥብና የሚሸከም ነገር የለበትም።

የጠርሙስ መድኃኒት

ዘይት ላይ የሚጨመረው «ማፍሰስ ያቆማል» የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚሠራ ከገባችሁ መቼ እንደሚሠራም ይገባችኋል። አብዛኛው የደረቀ ጎማን የሚያለሰልስና በትንሹ የሚያሳብጥ ፈሳሽ ነው። ስለዚህ የሚሠራው ጎማ ላይ ነው፤ ማለትም ፓራዮሊ ላይ፣ ያ በሚሽከረከር ዘንግ ዙሪያ ዘይት የሚያቆመው የጎማ ቀለበት። ቡሽ ላይ አይሠራም። ወረቀት ላይ አይሠራም። የተሰነጠቀና የተበላ ጎማም አይመልስም። ዘንጉ ራሱ ተፍቆ ቦይ ካወጣ ደግሞ ጎማው ቢያብጥም አይደርስበትም።

404 ላይ ከላይ የሚያፈሰው አብዛኛው ነገር ቡሽ ወይም ወረቀት ነው። ስለዚህ ጠርሙሱን የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የገዛው ተስፋ ነው። እኔም ገዝቻለሁ። አንድ ጠርሙስ ጨምሬ ውጤቱን ለማየት ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ፤ ካርቶኑ ላይ ያለው ክብ ቅርፁ እንኳን አልተቀየረም።

አንድ ቦታ ላይ ግን አልከራከርም። ዓመታት ቆማ የኖረች፣ አሁን የተነሳች መኪና፣ ከኋላ ከፍሪሲዮኑ በኩል ትንሽ የምታንጠባጥብ ከሆነ፣ ሞተር ከማውረድ በፊት አንድ ጠርሙስ መሞከር ያስኬዳል። ጎማው ደርቆ ብቻ ሊሆን ይችላል። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ለውጥ ካላያችሁ ሁለተኛ ጠርሙስ አትግዙ።

ሰው የሚረሳው፦ መተንፈሻው

እኔ ብጠየቅ ከሁሉም በፊት ይሄን አድርጉ የምለው ነው። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ገንዘብ አይጠይቅም ማለት ይቻላል።

ሞተር ሲሠራ ከፒስተኑ ጎን ጥቂት ጋዝ ሁሌም ወደ ታች ያልፋል። ያ ጋዝ በመተንፈሻ ቱቦ መውጣት አለበት። ቱቦው በአሮጌ ዘይትና በአቧራ ከተደፈነ ጋዙ ሌላ በር ይፈልጋል። በሩም ማሸጊያዎቹ ናቸው። ያኔ አዲስ ማሸጊያ ብታስገቡም ግፊቱ ዘይቱን እየገፋ ያወጣዋል። እኔ ላይ የደረሰው በትክክል ይሄ ነው። የቴስታታውን ክዳን ማሸጊያ ቀይሬ ሳምንት ሳይሞላው እንደገና ረጠበ። መካኒኩን ወቀስኩት። መካኒኩ ማሸጊያውን ወቀሰ። ሁለታችንም ተሳስተን ነበር፤ ቱቦው ውስጥ እንደ ግሪስ የጠጠረ ጥቁር ነገር ሞልቶ ነበር።

መፈተኛው ቀላል ነው። ሞተሩ ሞቆ ቀስ ብሎ እየሠራ ሳለ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱና አፉ ላይ ፌስታል ያዙበት። ፌስታሉ በቀስታ ቢንቀሳቀስ ደህና ነው። እንደ ፊኛ ከተነፋ ግን ግፊት አለ። ቱቦውን አውጡ፣ በላምባ እጠቡ፣ ንፉበት። ውስጡ ወንፊት ካለ እሱንም። መልሳችሁ ግጠሙና እንደገና ሞክሩ። ቱቦው ንጹሕ ሆኖም ፌስታሉ የሚነፋ ከሆነ ፋሻው ደክሟል። ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት) አስለኩ። ፋሻው የደከመ ሞተር ላይ ማሸጊያ መቀየር በቀዳዳ ባልዲ ውሃ መቅዳት ነው።

ማሸጊያ መቀየር

ዘይቱ ከየት እንደሚመጣ በዱቄቱ ካወቃችሁና መተንፈሻው ክፍት ከሆነ ትክክለኛው ምርጫ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ሞተር ሳይወርድ የሚቀየሩ አሉ፦ የቴስታታው ክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ የጎን ክዳኖች፣ የዘይት ማፍሰሻ ቡሎኑ ቀለበት፣ ከፊት ከቺንጋው (ከቀበቶው) መዘውር ኋላ ያለው ፓራዮሊ። የቴስታታው ክዳን የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ከምን እንደሚሠራ ግን ያጨቃጭቃል። የድሮው ቡሽ ነው። ቡሽ ጥሩ ነገር ነው፤ ትንሽ የተጣመመ ብረትን ይችላል። ችግሩ ሱቅ ውስጥ ዓመታት ሲቀመጥ፣ በተለይ እንደ ድሬ ባለ ደረቅ አየር፣ ይኮማተራል። ገዝታችሁ ስትመጡ ቀዳዳዎቹ ከቡሎኖቹ ጋር አይገጥሙም። ብዙ ሰው ጎትቶ ያስገባዋል፤ ይቀደዳል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ጊዜ ንከሩት፤ ወደ ልኩ ይመለሳል። ሌላው የቡሽ ጠላት የመካኒክ ጡንቻ ነው። «ጠበቅ ላድርገው» ሲል ቡሹ ተጨፍልቆ ይወጣል፤ ቆርቆሮውም በየቡሎኑ ዙሪያ ይጎብጣል። አንዴ የጎበጠ ክዳን ምንም ማሸጊያ አያቆመውም፤ ገልብጣችሁ ዝርግ ብረት ላይ በመዶሻ በቀስታ ማስተካከል ነው። ቡሎኑን ከመሀል ጀምራችሁ ወደ ዳር፣ በትንሽ በትንሹ፣ ሁለት ሦስት ዙር አጥብቁ።

ሲሊኮን በአሁኑ ጊዜ የሁሉም ጋራዥ ፍቅር ነው። በትንሹ ሲቀባ ይጠቅማል። እንደ ማር ሲቀባ ግን ወደ ውስጥም ይወጣል። ውስጥ የወጣው ቅንጣት ተቀርፎ ኮፓ ውስጥ ይወድቃል፤ ከዚያ ዘይት የሚመጠጥበትን ወንፊት ይደፍናል። ከውጭ ደረቅ ሆኖ ከውስጥ ዘይት የተራበ ሞተር ማለት ነው። ሲሊኮን ከውጭ በጣት ውፍረት የሚታይበት ሞተር ያላት መኪና ልትገዙ ከሆነ ዋጋውን ቀንሱ፤ ካልሆነ ተዉት።

በእጅ የሚቆረጥ ጓርኒሲዮንም አለ። የማሸጊያውን ወረቀት ወይም የቡሹን ቁራጭ ብረቱ ላይ ዘርግቶ በትንሽ መዶሻ ጠርዝ ጠርዙን መኳኳት። ይሄን የሚያሳምር ሽማግሌ መካኒክ ካወቃችሁ አትጡት። ለ404 ዕቃ በየሱቁ አይገኝም፤ እነዚህ እጆች ናቸው ፔጆዎቹን ሐረር ላይ ያቆዩዋቸው። ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር ላይ የልብስ ስፌት ባለሙያዎቹ ጨርቁን በዓይን ለክተው ሲቆርጡ ያየ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

የማፍሰሻ ቡሎኑ ቀለበት መዳብ ከሆነ አዲስ ፍለጋ አትሩጡ። በእሳት ቀይ እስኪሆን አግሉት፣ ውሃ ውስጥ ክተቱት፤ ይለሰልሳል፣ እንደገና ያሽጋል።

የፊተኛው ፓራዮሊ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የአሮጌው ጎማ ከንፈር በብዙ ዓመት ዘንጉ ላይ ቀጭን ቦይ ይቆፍራል። ጥፍራችሁን ብታሳልፉበት ይታወቃችኋል። አዲሱ ጎማ እዚያው ቦይ ላይ ካረፈ ያፈስሳል። ቦታው ካለ አዲሱን ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ አሸሽታችሁ አስገቡት፤ ንጹሕ ብረት ላይ ያርፋል። ቦታ ከሌለ ቶርኖ ቤት ቀጭን ቀለበት አሠርቶ ማልበስ ነው።

ሞተር ማውረድ

የቀረው የኋላው ነው። ክራንክ ሻፍቱ ወደ ፍሪሲዮን የሚወጣበት። ምልክቱ ሞተሩና ካምቢዮው ከሚገናኙበት ሥር የሚንጠባጠብ ዘይት ነው። መጀመሪያ ግን አሽትቱት፤ የካምቢዮ ዘይት ይሸታል፣ ለየት ያለ የድኝ ሽታ አለው። የካምቢዮ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው።

404 ላይ ይሄን መሥራት ቀላል አይደለም። ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ በቱቦ የተሸፈነ ነው፤ ቱቦው ደግሞ ከካምቢዮው ጋር ታስሯል። ካምቢዮውን ብቻ ጎትቶ ማውጣት አይቻልም። ወይ የኋላውን አክሰል ፈትቶ ወደ ኋላ መግፋት፣ ወይ ሞተሩን ከፊት ማውጣት ነው። ለዚህ ነው «ዛሬ ሠርቼ ማታ እሰጥሃለሁ» የሚላችሁን ሰው ማመን የሌለባችሁ።

ሞተሩ ሲወርድ ደግሞ ፈተና ይመጣል። «ከወረደ አይቀር ቴስታታውንም እናንሳው።» እዚህ ላይ ቆም በሉ። የ404 ካሚቻዎች፣ ማለትም ፒስተኑ የሚሄድባቸው ቱቦዎች፣ እንደ አንዳንድ ሞተር በብረቱ ውስጥ የተቀረጹ አይደሉም። ተነቃይ ናቸው፤ ዙሪያቸውን ውሃ ነው ያለው። ወደ ታች ይዟቸው የነበረው ቴስታታው ነው። ቴስታታው ተነስቶ ሳለ አንድ ሰው ሞተሩን በእጁ ቢያሽከረክር ካሚቻው ከሥሩ ማሸጊያ ሊነሳ ይችላል። ከዚያ ውሃ ዘይት ውስጥ ይገባል። የማያፈስ ማሸጊያ ልትቀይሩ ሄዳችሁ ቡና በወተት የመሰለ ዘይት ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። መነሳት ካለበት ካሚቻዎቹ በብሎንና በቀለበት ተይዘው ነው።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ፦ ለጠብታ ብሎ ሞተር አይወርድም። ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ሲጀምር፣ ወይም ፍሪሲዮን ለመቀየር ሰዓቱ ሲደርስ፣ ያኔ አብሮ ይሠራል። ፍሪሲዮኑን ሠርቶ የኋላውን ማሸጊያ የማይቀይር ሰው ግን ተመልሶ እዚያው ይገባል።

ማጠቢያው

ሞተር ለማጠብ ላምባ፣ ናፍታ፣ ቤንዚን እና ኦሞ ናቸው የሚወዳደሩት። ቤንዚን ከሁሉም ፈጥኖ ያጸዳል። አትጠቀሙበት። በክፍል ሙቀት ቀርቶ ከዜሮ በታች ሆኖ እንኳን የሚቀጣጠል እንፋሎት ያወጣል፤ ከባትሪ ሽቦ የምትወጣ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ናፍታ ከቤንዚን ይሻላል፤ ግን ቅባቱን ትቶ ስለሚሄድ አቧራ ይይዛል። ላምባ መካከለኛ ነው፤ እኔ በብሩሽ በላምባ ነው የማለሰልሰው። ከዚያ ኦሞ በሞቀ ውሃ። ዲስትሪቢዩተሩንና ካርቦራተሩን በፌስታል ሸፍኑ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሁን፤ የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋም።

ሲሚንቶው ላይ የቆየውን ጥቁር ክብ ደረቅ ኦሞ ነስንሼ፣ በጥቂት ውሃ ለውሼ ሌሊቱን አሳድሬ በጠንካራ ብሩሽ ፈተግኩት። ቀለለ እንጂ አልጠፋም።

የሚጠራቀመውን የተቃጠለ ዘይት በጀሪካን ያዙት። አጥርና ግንድ ላይ ለምስጥ የሚቀቡት አሉ፤ በእጅ አዘውትሮ መነካካቱ ግን ለቆዳ ጎጂ ነው። ድሬን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ደረቅ ነው ብሎ አሸዋው ላይ የሚደፋ ሰውም አይቻለሁ። ድሬ የምትጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው። አሸዋው የሚያሰርገው ዝናቡን ብቻ አይደለም።

ታዲያ ማን ምን ይምረጥ?

መኪናዋ እንጀራ ከሆነች፣ በቀን ከሐረር ድሬ የምትመላለስ ከሆነች፣ ትሪ አይደለም ምርጫችሁ። በየጠዋቱ መለኪያ፣ መተንፈሻ፣ ከላይ ያሉትን ማሸጊያዎች በየተራ። አንድ ሊትር ዘይት ሁሌም ከወንበር ኋላ ይኑር። ታክሲ የሚነዱ ሰዎች ይሄን ሳይነገራቸው ያደርጉታል።

ለሠርግና ለበዓል ብቻ የምትወጣ ከሆነች ነገሩ ይገለበጣል። የቆመ መኪና ጎማው ይደርቃል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ እስክትሞቅ ንዷት። ለሙሽራ ቀሚስ ስትሉም ከሁሉ አስቀድማችሁ የቴስታታውን ክዳን አሽጉ። የሙሽራ መኪና ቆማ ስትጠብቅ ከኮፈኑ የዘይት ጭስ ቢወጣ የሚዜዎቹ ሳቅ ዓመት ይዘልቃል። በእኔ አልደረሰም፤ ሲደርስ ግን አይቻለሁ።

ልትገዙ ለሆናችሁ ደግሞ፣ ታጥቦ የሚያብረቀርቅ ሞተር አያስደስታችሁ። ትናንት ነው የታጠበው። ነድታችሁ፣ ደንገጎን ወጥታችሁ፣ መልሳችሁ ካርቶን ላይ አቁሟት። ሻይ ጠጡ። ከዚያ ካርቶኑን እዩ።

የእኔ 404 ከመተንፈሻውና ከአዲሱ ቡሽ በኋላ በሌሊት ሁለት ሦስት ጠብታ ትጥላለች፤ ከኋላ ነው። ፍሪሲዮኑ ገና ስለሚይዝ አልነካሁትም። ትሪው ይበቃዋል። እናቴ ግን ከትሪው ሥር የራሷን ካርቶን አንጥፋለች፤ በየጠዋቱም ገልጣ ታየዋለች።